ከማሽላው በላይ ያሉት ወፎች

ባለፈው ዓመት ማሽላው ፍሬ ሲይዝ፣ የግሪሳ ወፍ ላባርር ከሸዋ ሮቢት ወደ አጎቴ ማሳ ወረድኩ። ማማው ላይ ቆመን እሳቸው ጅራፍ ያጮሃሉ፣ እኔ በወንጭፍ ድንጋይ እወረውራለሁ። ወፉ ጋብ ሲል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የያዝኩትን የቁርአን ሱራ መቅራት ጀመርኩ። ድምፄ ያማረ መሰለኝና አንዱ አንቀጽ ላይ ሳብ አደረግኩት።

አጎቴ «ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

እንደ ኡስታዝ ጉሮሮዬን ጠርጌ አስረዳኋቸው፤ ሰዎች ከበላያቸው ክንፋቸውን እየዘረጉና እያጠፉ የሚበሩትን ወፎች አያዩም ወይ፣ ከአላህ በቀር አየር ላይ የሚይዛቸው የለም ማለት ነው አልኩ።

«ስትቀራ ወፎቹ ይታዩሃል?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ወፍ አልመጣልኝም። የመጣልኝ የቁርአኑ ገጽ ነው፣ ከነመስመሩ፣ ከነጣቴ እድፍ። ጠዋት ሙሉ ወፍ ስራገም ያረፈድኩ ሰውዬ!

ዓይኔን ስገልጥ መንጋው ከማሽላው ተነስቶ፣ ክንፉን እየዘረጋና እያጠፈ በራሳችን ላይ አለፈ። ወንጭፉ እጄ ላይ ቀረ። አጎቴ ጅራፋቸውን አጮሁ፤ እኔ ፊታቸውን ማየት አፈርኩ።

ያን «አያዩም ወይ» የሚል ጥያቄ ያን ሁሉ ዘመን ስቀራው፣ የሚጠየቀው ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።