ከነክዳኑ የተመዘነው ጀሪካን

በቡድኑ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ግራሞ» ይሉታል። ለእሽቅድምድም መኪናዋ ነዳጅ መዝኖ ማቅረብ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረበት ሥራ ነው። ነዳጅ በሙቀት ስለሚያብጥ በሊትር አይሰፈርም፤ ይመዘናል። ደንቡም ጥብቅ ነው፤ ለአንድ ውድድር ከተፈቀደው ክብደት ያለፈ ከውጤት ይሰረዛል፤ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ መጨመርም አይፈቀድም። መኪናዋ ከሞተሩ ሌላ በባትሪም ትሄዳለች፤ በየዙሩ ከባትሪው የሚወሰደው ኃይልም እንዲሁ ተለክቶ የተሰጠ ነው።

ልማዱ አንድ ነበር፤ የጀሪካኑን የብረት ክዳን ፈትቶ ኪሱ ይከታል፤ ባዶውንም ሙሉውንም ያለ ክዳን ይመዝናል።

«ግራሞ፣ ዛሬስ ስንት ጠብታ ሰረቅኸን?» አለው ጎማ ቀያሪው በጠዋት።

«አንተን ብመዝንህ ግማሹ ምላስ ነው» ብሎ አሳቀበት።

ውድድሩ ከተጋመሰ በኋላ፣ ባዶውን ጀሪካን ሊከድን እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። መሐረብ ብቻ አገኘ። ክዳኑ ነዳጁን ሲቀዳ ካስቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ሙቀቱ ስለበረታ ነዳጁ እንዳይተን ብሎ ሙሉውን ጀሪካን ከድኖት ነበር። ባዶውን ያለ ክዳን፣ ሙሉውን ግን ከነክዳኑ ነው የመዘነው። ወሽመጡ ተቆረጠ። ክዳኑን ሚዛን ላይ አኖረው፤ ዘጠኝ መቶ ግራም። ብረቱን እንደ ነዳጅ ቆጥሮታል።

የመኪናዋ ቆጣሪ የሚለካው የተቃጠለውን ነው፤ የቀረውን የሚያሰላው ግራሞ ጽፎ ከሰጠው ቁጥር ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው «አለ» እያለ ሞተሩ ይጠፋል፤ ያውም በመጨረሻው ዙር፣ ከኮረብታው ሥር፣ ከኋላ የሚመጣው ከፊቱ የቆመውን በማያይበት መታጠፊያ ላይ። መሪውን የያዘችው ደግሞ የገዛ ልጁ ናት።

ሁለት ዙር ዝም አለ። ከእርሱ በፊት የነበረው መዛኝ በግማሽ ኪሎ ስሕተት እንዴት እንደተባረረ ያውቃል። መኪናዋ እየጮኸች በፊቱ ባለፈች ቁጥር ክዳኑን ኪሱ ከትቶ መልሶ ያወጣው ነበር። በሦስተኛው ዙር ወደ አለቃው ሄዶ ክዳኑን ዘረጋለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘጠኝ መቶ ግራም። ነዳጅ ብዬ የጻፍኩት ይህንን ነው።»

የአለቃው ፊት ዐመድ መሰለ። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ከሁለት ዙር በፊት።»

«አንተ ሰው ነህ?» አለና የሬዲዮኑን መነጋገሪያ ለቀም አደረገ። «ስሚኝ፤ ነዳጅሽ ዘጠኝ መቶ ግራም ይጎድላል። ከመታጠፊያ በፊት እግርሽን ቀደም ብለሽ አንሺ፤ ባትሪውን ለመጨረሻው ዙር አቆዪ።»

«አባዬ አይደል እንዴ የመዘነው?» አለች ልጅቱ በሬዲዮኑ።

አለቃው መነጋገሪያውን ዘጋው።

መኪኖቹ በየተራ ቀደሟት። በመጨረሻው ዙር ከኮረብታው ሥር ተሰወረች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ግራሞ የሚመጡትን መኪኖች መቁጠር ጀመረ። አንዱ ብቅ አለ፤ ሌላው ተከተለ፤ እርሷ የለችም። ቆይታ ቆይታ ያለ ሞተር ድምፅ፣ ባትሪው ብቻ እየጎተታት መጣች፤ የማብቂያውን መስመር አልፋ አርባ እርምጃ ሳትሄድ ቆመች።

ሮጦ ደረሰ።

«አባዬ፣ እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ክዳኑን እንደጨበጠ ነበር። «ክዳኑ ነው፤ ከነዳጁ ጋር መዘንኩት። ዐውቄም ሁለት ዙር ዝም አልኩ፣ ልጄ።»

የራስ ቁሯን አውልቃ ክዳኑን ከእጁ ወሰደችው።

«ክዳኑስ እሺ፤ ስሕተት ነው። ሁለቱ ዙር ግን…» አለችና ቀበቶዋን መፍታት ጀመረች።