ባሎቴን ከጓዳ ያስወጣኋት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ስናዘዝ ይህችን አንዷን ሁሌ እዘላታለሁ። እርስዎ ግን አያውቁኝም፤ ስለዚህ ይስሙኝ።

ባሌ መንገድ ሥራ ተቀጥሮ ከጎጃም ወደ ወላይታ ሶዶ ይዞኝ ሲመጣ ገና አዲስ ሚስት ነበርኩ። እንደገባን የጎረቤታችን ልጅ አገባ። ሙሽራዋ ባሎቴ ትባላለች። ሠርጉን በላሁ፣ ጨፈርኩ። ከዚያ በኋላ ባሎቴ ጓዳ ገባች። የአገሩ ልማድ ነው፤ ሙሽራ ወራት ሙሉ ከቤት አትወጣም፣ ሥራ አትነካም፤ አማቷ ቅቤ ትቀባታለች፣ ወተትና ገንፎ ትመግባታለች። ከዚያ አምራና ወፍራ አንድ ቀን ገበያ ትወጣለች። ገበያው ሁሉ እልል ብሎ ይቀበላታል፤ እናቷም ከሻንቶ መጥታ ቅቤ አናቷ ላይ ታደርግላታለች። እስከዚያ ድረስ እናቷን አታይም።

ይሄ ነገር አልገባኝም። በእኛ አገር መልስ አለ፤ ሙሽራ ከባሏ ጋር እናቷ ቤት ተመልሳ ትበላለች፣ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። ታዲያ ይህቺ እንዴት ትችለዋለች? ብትወጣስ ምን ይመጣል? በየቀኑ ጓዳዋ እየገባሁ በጥያቄ አደርቃት ነበር።

"ብወጣ ቀኔ ይጠፋል፣ እትዬ" አለችኝ እየሳቀች።

ቀን እንዴት ይጠፋል? ይህ መልስ አላስቀምጥ አለኝ።

አንድ የገበያ ቀን አማቷ እንሰት ልትፍቅ ጓሮ ስትወርድ ገባሁና "እናትሽን ገበያ አየኋት፤ ትፈልግሻለች" አልኳት። ውሸቴን ነው።

"እናቴ መጣ? አሞታል?" አለችኝ በዚያ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛዋ።

"እንጃ" አልኩ። ነጠላዋን እንኳ ሳትይዝ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። ልመልሳት ነው ብዬ አልዋሽም፤ የሚሆነውን ላይ ነው።

ባሎቴ ቡላ ሻጮቹ መሀል ቆማ እናቷን ፍለጋ ዞር ዞር አለች። ሴቶቹ አወቋት። እልል ያለ የለም። አንዷ የራሷን ነጠላ አውልቃ ሸፈነቻትና ወደ ቤት ይዛት ሄደች።

አማቷ "ማን አስወጣሽ?" ብላ በወላይትኛ ጮኸች፤ ያን ያህል ይገባኛል። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ባሎቴ አየችኝ፣ ከዚያ አቀረቀረች። "ማንም አላስወጣኝም። እናቴ ናፈቀችኝ" አለች። እኔም ከበሩ ዞሬ ወደ ቤቴ ገባሁ። አንዴ ታይታለች ተብሎ የገበያ መውጫዋ ቀረ፤ እናቷ ያጠራቀመችው ቅቤም እዚያው ሻንቶ ቀረ። በማግሥቱ ባሎቴ እንስራ ተሸክማ ውሃ ወረደች።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ልጅ አልነበርኩም። ልማዱን አላውቅም ነበር ልበል? ከእኔ በላይ ማን ጠየቀ!

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የባሏ ታናሽ ወንድም አገባ። ባሎቴ ቤቴ መጣች።

"እትዬ፣ የኛ ሙሽራ በሩን አንቺ ጠብቂልኝ።"

"ለምን እኔ?" አልኳት።

"ሙሽራ እንዴት እንደሚወጣ አንቺ ታውቂያለሽ።"

ቁጣ የለባትም። ጠበቅኩላት። ሙሽራዋ ገበያ የወጣች ዕለት ከሁሉ በላይ እልል ያለችው ባሎቴ ነበረች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አፌ አልከፈት አለኝ።

እርስዎን ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእርስዎ አይደለም። ዛሬም ጎረቤቴ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ሰላም እንባባላለን። ያን ሁሉ ጥያቄ የጠየቅኳትን ሴት ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም።