ግዝት የተጣለበት መርፌ

ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን ያበላሁትም ያስተማርኩትም በበጎቼ ነው። እዚህ ሙጃ ደጋ ላይ ውርጭ ገብሱን ሲያቃጥለው የሚተርፈን በግ ነው።

ካቻምና አንድ የእንስሳት ባለሙያ መጥቶ በጎቻችንን ከተበና ከእንግዲህ በግ አይሞትባችሁም አለን። መርቀን ሸኘነው። ክረምቱ ሲወጣ ረግረጉን የጋጡት በጎች በጉበት ትል አለቁ። ክትባቱ ለሳንባ በሽታ እንጂ ለጉበት እንዳልሆነ ማን ነገረን? በዚያ ላይ ሐኪም መሳይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በስልክ ቪዲዮ ላይ ብቅ ብሎ ክትባት በግ ያመክናል አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ሰንበቴ ላይ ሽማግሌዎቹ መከሩ፤ ቄሳችንም መርፌ በግ እንዳይነካ ገዘቱ። ግዝት ከወጣ በእኛ አገር የሚደፍረው የለም።

አምና ሰኔ ላይ ከወንዙ ማዶ በጎች እያሳሉ መውደቅ ጀመሩ። ሌላ ባለሙያ መጣች፣ ወጣት ሴት። እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ አንቺስ ምን ልትዋሺን መጣሽ አልኳት። አልተቀየመችኝም።

«እማማ፣ ይኼ የሚከላከለው የሳንባውን ብቻ ነው» አለችኝ። «የጉበቱን አይነካም፤ ለሱ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ከተከተቡትም ጥቂቶቹን ሊያተኩሳቸው ይችላል። አያመክንም።»

የማይችለውን ሳትደብቅ ስለነገረችኝ የሚችለውን አመንኳት።

እሑድ ሰንበቴው ላይ ጠላው ሲዞር ብድግ አልኩ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ያጉረምርሙ። የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩና ወደ ቄሱ ዞርኩ።

«አባ፣ የተገዘተው ውሸቱ ነው መርፌው? መርፌው ከሆነ ይፍቱን። በጎቼ ካለቁ ልጆቼን የማበላው የለኝም።»

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና እግዚአብሔር ይፍታችሁ አሉን። በማግስቱ የራሳቸውን በግ እየጎተቱ ከሁሉ ቀድመው የተሰለፉት እሳቸው ነበሩ።

ጥቂት በጎች አተኮሳቸውና ተነሡ። በሽታው ወንዙን ተሻግሮ መጣ፤ የእኛን መንጋ ግን አልጣለውም። የማዶ ሰዎችም አይተው ባለሙያዋን ይዘዋት ሄዱ።

ጥር ላይ በጎቼ ተከታትለው ወለዱ፤ አንዷ መንታ። በረት መሃል ብቻዬን ቆሜ እልል አልኩ። ጎረቤቶቼ ምን መጣ ብለው ሮጠው ሲደርሱም እልልታዬን አላቋረጥኩም።