በሰላምታ ያስሮጡን ጋሽ ደምሴ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማነው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለሩጫ ተሰብስበን ሳለ ነው። ልጃቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትመጣ ማናችንም አልጠየቅናትም። የዚያን ቀን አልሮጥንም።

ጋሽ ደምሴ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስኳር እንዳለባቸው ሐኪም ሲነግራቸው መሮጥ ጀመሩ፤ ቆይተውም ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተቀምጠው የጀማሪ ሯጮች አሰልጣኝነት ሥልጠና ወሰዱ። የምስክር ወረቀታቸውን ከስፌት መኪናቸው በላይ ሰቀሉት። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ደንበኛ የሩጫ ቀጠሮ ይዞ ይወጣ ነበር፤ እኔም አንዷ ነኝ።

ያኔ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ የምውል፣ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ የማለከልክ ሴት ነበርኩ። ሩጫ ለእኔ በቴሌቪዥን የሚታይ ነገር ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ሰዓት እንኳ አይዙም። ከጎናችን እየሮጡ ሰላም ይሉናል። «እንዴት አደርሽ? ልጆች ደኅና ናቸው? እናትሽስ ተሻላቸው?» ሁሉንም በወጉ መመለስ ነበረብን። «ሰላምታ መመለስ ካቃተሽ ፈጥነሻል፤ ቀንሺ» ይሉ ነበር። የታክሲ ረዳቶች «ኦሎምፒኩ አለቀ እኮ!» እያሉ ሲያሾፉብን፣ ለእነሱም እጃቸውን አንስተው እንዴት አደራችሁ ይሏቸዋል።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ሱሪ ለብሰው መውጣት ቢያሳፍራቸው፣ ጋሽ ደምሴ ለሩጫ የሚመች ሰፊ ቀሚስ ሰፍተው አመጡላቸው። እትዬ ሊመርቋቸው ቆም ሲሉ «ምርቃቱን እየሮጡ!» አሏቸው።

ሁለት ዓመት እንደሮጥኩ «እኔ አርጅቻለሁ፤ አንቺ አሰልጣኝ ሁኚ» አሉኝ። ሥልጠናውን ወሰድኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ፣ በተግባሩ ወደቅሁ። ጀማሪዎቹን ይዤ ስወጣ ፈታኞቹ እንዲያደንቁኝ ብዬ ከፊት ሸመጠጥኩ። ዞር ስል ከጀማሪዎቹ አንዲት ሴት ደክሟት አጥር ተደግፋ ቆማለች፤ ፈታኙ ከእኔ ቀድሞ አጠገቧ ደርሷል።

እያለቀስኩ ስፌት ቤታቸው ገባሁ። መርፌ ላይ ክር እያስገቡ አዳመጡኝና «የሴትየዋ ስም ማን ነው?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «የወደቅሽው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው» አሉ። ሌላ ቁጣ አልነበረም። በማግስቱ ከመጨረሻው ሰው ጎን አቆሙኝ፤ ለወራትም ከዚያ አልለቀቁኝም። እኔም ችኩል ነኝና በልቤ አጉረመረምኩ። በዚያው መሐል እሳቸው ታመሙ። ሳያዩኝ እንዳይሄዱ እየፈራሁ ዳግም ተፈተንኩ፤ አለፍኩ።

የምስክር ወረቀቴን ይዤ አልጋቸው አጠገብ ደረስኩ። «እንዴት አደሩ ጋሼ?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስ...» ብለው ትንፋሽ አጠራቸው። ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ስሜ ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። ቆይተው «ዛሬስ የፈጠንኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ጋሼ፣ ትናንት አንድ አዲስ ሰው ግቢያችን መጣ። መጀመሪያ ስሙን ጠየቅሁት፤ እስከ መጨረሻው ከጎኑ ነበርኩ። ትንፋሼንም፣ የአሰልጣኝነት ሥራዬንም የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ አመሰግናለሁ። ቀድመውናል፤ እኛ እንዳስተማሩን ቀስ ብለን እንመጣለን። እንዴት አደሩ ጋሼ? ለመልሱ አይቸኩሉ፤ ስንደርስ ይነግሩናል።