ለእንግዳ የተቆለፈው ክፍል

ይኼ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። በቀደም ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ ቡሬ አጠገብ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ፈተና ልፈትን ሄድኩ። ፈተናው ሊጀመር ሲል አንዲት ተማሪ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ተጠጋችኝና፣ "ቲቸር፣ የወር አበባዬ መጣ። ፈተናው ይቅርብኝ፣ ቤት ልሂድ" አለችኝ።

ምን ቤት ያስኬዳታል? ግቢው ውስጥ "የልጃገረዶች መታጠቢያ" ተብሎ የተጻፈበት ክፍል አለ እኮ! ግን ተቆልፏል። ልጅቷን በሩ ላይ አቁሜ ርዕሰ መምህሩን ቁልፍ ጠየቅኳቸው።

"ለማን ነው?"

"ለአንዲት ተማሪ።"

"ኧረ መምህርት፣ ልጆቹ ያቆሽሹታል! ለእንግዳ ብለን ነው አጽድተን ያስቀመጥነው።"

ብግን አልኩ።

"እንግዲያው ለእኔ ነው! እንግዳ አይደለሁም? የወር አበባዬ መጥቷል!" ብዬ ጮኽኩ።

አቀርቅረው እየተጣደፉ ከፈቱልኝ። ሞዴሱ ከነካርቶኑ ተደርድሯል፤ ባልዲዎቹ ውሃ ነክቷቸው አያውቅም። ከዚያ ደጃፉ ላይ የነበረውን ጀሪካን አንስተው ለዚያችው ልጅ ሰጧትና፣ "በይ ቶሎ በይ፣ ለእንግዳችን ውሃ ቅጂላቸው!" አሏት።

ጀሪካኑን ከእጇ ተቀብዬ ለእሳቸው አስታቀፍኳቸው። ልጅቷን አስገባሁና በሩን ዘጋሁት።