በስህተት ያሳለፍኳቸው ተማሪ

የታሰርኩት ከቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ልጅ ሆኜ እናቴ የቀሚስ ጨርቅ የምትገዛበት ሱቅ ነበር። በደርግ ጊዜ ተወረሰና ቀበሌዎቹን የሚያዘው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ የጨርቁ መጋዘን ደግሞ የሴቶች እስር ቤት። የአብዮት ጠባቂዎች ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ሲወስዱኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር፤ የት እንደምጥለው ጨንቆኝ ይዤው ገባሁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት መደርደሪያውን ነው። ጨርቅ ይቀመጥበት በነበረው እንጨት ላይ ሴቶች ተደርድረው ተኝተዋል። ጊዜው ረፋድ ነው፤ ቦታ ስለሌለ ግን በየተራ ነበር የሚተኛው።

«አስተማሪ ናት» አለች አንዷ ጠመኔዬን አይታ። «እሰይ! ላይኛው መደርደሪያ ይገባሻል፤ የተማረ ሰው ከላይ ነው።»

ይህችኛዋ ውቤ በረሃ መጠጥ ቤት የነበራት ሴት ናት። ምላሷ አያርፍም። ለምን እንደታሰረች ስጠይቃት «መታወቂያ ሳልጠይቅ ቀድቼ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት ሰሞን ነበር። ሦስት ወር ያህል እንደቆየሁ የከፍተኛው ካድሬ አስጠራኝ። እስረኛም ይማራል ተብሏል። ማንበብ ከሚችሉት ሴቶች አምስቱን መርጬ አስተማሪ እንዳደርጋቸው፣ እነሱ ደግሞ የማይችሉትን እንዲያስተምሩ አዘዘኝ። «በደንብ ከሠራሽ ጉዳይሽ ይታያል» አለኝ። ጉዳይሽ ይታያል ማለት ትፈቻለሽ ማለት ነው፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ ነበር የምንሰማው።

እኔ እንግዲህ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከመምህራን ማሰልጠኛ በጥሩ ውጤት ወጥቼ፣ ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬ፣ ከእኔ በላይ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም ነበር። አምስቱን ሰልጣኞች ሰብስቤ ሥራውን አሳየኋቸው። የፊደል ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ በዘንግ እየጠቆሙ ከሀ ጀምሮ በተርታ ማስጮህ ነው፤ የሳተች እንደገና ከላይ ትጀምራለች። ከሰልጣኞቹ አንዷ የውቤ በረሃዋ ነበረች።

«እንዴ፣ እነዚህ እኮ ትልልቅ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። «ደንበኞቼን እንዲህ ባስጮኻቸው ኖሮ ቤቴ ባዶውን ይውል ነበር።»

«ፊደል ለሁሉም አንድ ነው» አልኳት። ወይ ትዕቢት!

ከተማሪዎቹ ሁሉ የምወዳቸው አንድ እትዬ ነበሩ። ከወሎ መጥተው አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲሸጡ የኖሩ፣ ሃምሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። የታሰሩት በልጃቸው ነው። ልጁ ሲፈለግ ጠፋ፤ እስኪገኝ ድረስ እናቱን አመጧቸው። መርማሪው በየጊዜው እየጠራ «የት ነው?» ይላቸዋል፤ «አላውቅም» ይላሉ፤ ጸሐፊው ይጽፋል። ማንበብ ስለማይችሉ ቃላቸው በምስክር ፊት ይነበብላቸውና አውራ ጣታቸውን ያትማሉ።

እትዬ በአንድ ወር ፊደሉን ከዳር እስከ ዳር ጨረሱት። ዘንጉን ከእጄ ተቀብለው ከሀ እስከ ፐ ሲወርዱት አንድ አይስቱም። ስማቸውን መጻፍም ተማሩ። የፈተናው ቀን ካድሬው ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ፤ እትዬ ሻሻቸውን አስተካክለው ቆሙና ሠንጠረዡን አንበለበሉት። ተጨበጨበ። ምስክር ወረቀታቸው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ እስር ቤት መሆኔን ረስቼው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት መርማሪው ጠራቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ምን አሉዎት እትዬ?»

«ከእንግዲህ ጣት የለም አሉ። ተምረሻል፣ ሰኞ መጥተሽ ቃልሽን ራስሽ አንብበሽ ትፈርሚያለሽ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ያነባሉ አይደል!»

የውቤ በረሃዋ ከመደርደሪያዋ ወርዳ ወለሉ ላይ በጠመኔ አንድ ፊደል ጻፈች። «እትዬ፣ ይቺ ማናት?»

እትዬ ወለሉን አላዩም። ያዩት ሠንጠረዡን ነው፤ ከንፈራቸው ከሀ ጀምሮ በቀስታ ይንቀሳቀስ ጀመር። የውቤ በረሃዋ ሄዳ ሠንጠረዡን በነጠላዋ ሸፈነችው። ከንፈራቸው ቆመ።

«አላውቃትም ልጄ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «እኔ በተርታ ሲሆን ነው። ከምሸጥበት ጀርባ ቄስ ትምህርት ቤት ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ልጆቹ ሲጮኹ ሰምቻለሁ። ዜማው ነው የገባኝ። አንቺ እንዲያ ደስ ሲልሽ እያየሁ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አፈርኩ።»

የአንደኛ ክፍል ልጆቼን እኮ ሁልጊዜ ፊደሉን እያዘበራረቅኩ ነበር የምጠይቃቸው! እዚህ ግን ማሳየት የፈለግኩት ለካድሬው ነበር፤ በተርታ ሲወርድ ደግሞ ያምራል። አሁን እትዬ ስማቸውን መፈረም ይችላሉ፤ ከስማቸው በላይ ምን እንደተጻፈ ግን አያውቁም። ያለበትን አውቃለሁ ተብሎ ቢጻፍ ፈርመው ነው የሚመለሱት። ከዚያ በኋላ ምርመራው ምን ዓይነት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«አንቺ ትንሽ እረፊ» አለችኝ የውቤ በረሃዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ የልጅዎን ስም ልጻፍልዎት?»

ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አራት ፊደል ነው። እትዬ በጣታቸው ደጋግመው ሄዱበት። ቀትር ላይ ከሃያ ስም መሃል ለይተው አወጡት። ሐሙስ «የት» እና «ልጄ» ታከሉ፤ ዓርብ «አውቃለሁ» እና «አላውቅም»። ወለሉ ላይ፣ በሩ ላይ፣ መደርደሪያው ላይ እያዘበራረቅን ጻፍንላቸው፤ አንዳንዴ እንቅልፍ የያዛት ሴት ራስጌ ድረስ ሄደው ይፈልጋሉ። አሰልጣኟ እኔ ጠመኔ አቀባይና ወለል ጠራጊ ሆንኩ። እሑድ ማታ ድረስ ሌላ ቃል አልጨመርንም።

ሰኞ እኔንም ጠሩኝ፤ ምስክር ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኛ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ እትዬ ገፋ አደረገና እኔን አየኝ።

«ማንበብ ትችላለች አይደል? ያሳለፍሻት አንቺ ነሽ።»

አዎ ካልኩ ጉዳዬ ይታያል። አይችሉም ካልኩ ዘመቻውን በሐሰት ሪፖርት ያበላሸሁ እኔ ነኝ፤ ያ ደግሞ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። እትዬ ከጎኔ ቆመዋል፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«አይችሉም» አልኩ። «በስህተት ነው ያሳለፍኳቸው። ይነበብላቸው።»

«ውሸት ነው የፈረምሽው?»

«አዎ።»

እትዬ ዞረው አዩኝ። የተቀየሙ መሰለኝ።

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ጨርሶ አልችልምስ አይባልም» አሉና ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ጣታቸው ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ወረደ። አልቸኮሉም። አንዴ አልፈውት ተመለሱ።

«ይሄ ልጄ ነው» አሉ። ጣታቸው ትንሽ ሄዶ ቆመ። «ይቺ ደግሞ ‹አውቃለሁ› ናት። እኔ አላውቅም ነው ያልኩት። አላውቅምን አሳምሬ አውቃታለሁ፤ ይቺ አይደለችም።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። መርማሪው ወረቀቱን አንስቶ ጥቂት ሲያየው ቆየና «የጸሐፊ ስህተት ነው» አለ።

«ይታረማላ። እጠብቃለሁ» አሉ እትዬ፤ ተቀመጪ ሳይባሉም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እንደገና ተጽፎ ሲመጣ «አላውቅም» የሚለውን ፈልገው አገኙት። እስክሪብቶውን ግን አልነኩትም። «የቀረውን ገና አልተማርኩትም። እሱ በምስክር ፊት ይነበብልኝና በጣቴ አትማለሁ» አሉ። ተነበበላቸው። አተሙ።

እኔ ከአሰልጣኝነት ተነሳሁ፤ ጉዳዬም ሳይታይ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተፈታሁ። ቦታዬን የውቤ በረሃዋ ወሰደች፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ በጣም ትሻል ነበር። እትዬ ከእኔ ቀድመው ወጡ። በወጡበት ጠዋት ሠንጠረዡን ከታች ወደ ላይ አነበቡልኝ። ልጃቸው መትረፉን ከብዙ ዓመት በኋላ ከሰው ሰማሁ፤ ሰምቼም መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ማረሚያ ቤት ገብተው የሚያስተምሩ መምህራን ሲሰለጥኑ አልፎ አልፎ ይጠሩኛል፤ ይህን ታሪክም እነግራቸዋለሁ። በቀደም አንዷ ሰልጣኝ «እንዴት ያለ ድፍረት ነው፣ እማማ!» አለችኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። እትዬ ከጎኔ ባይቆሙ፣ መርማሪው ለብቻዬ ጠርቶ ቢጠይቀኝ ኖሮ «አዎ፣ ያነባሉ» እለው ነበር ብዬ እፈራለሁ። ይህንን ግን ለአንድም ሰልጣኝ ነግሬ አላውቅም።