ጽዋውና ተከራይዋ

ከጥር ማርያም በፊት በነበረው ሳምንት የማኅበራችን ሙሴ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ወይ ተከራይሽ ትውጣ ወይ ጽዋው ይውጣ አሉኝ። ሙሴ ማለት የማኅበር መሪ ነው፣ የኛዋ ሴት ናቸው፤ እኛ የእመቤታችን ማኅበርተኞች ነን። በየወሩ በሃያ አንድ ከአንዳችን ቤት ተሰብስበን እንዘክራለን። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወር በወር ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ያን ወር ያደረው እኔ ቤት ነበር፤ የጥሯ አስተርእዮ ማርያም ተራዋ የኔ ነች። ማኅበሩን የባለቤቴ እናት ይዘውት ኖረዋል፤ እሳቸው ሲያርፉ ወደ እኔ መጣ። ጽዋ ከቤቱ በኀፍረት የወጣበት ሰው እንጅባራ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም።

ተከራይዋ የመጣችው ከመስቀል በኋላ ነው። ደላላው ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ህንዳዊት ናት አለኝ። ዕድሜዋ ከሃምሳ አያንስም፤ ጠጉሯ ጥቁር ነው፣ ሥሩ ግን ነጭ። ከኋላ ያለውን ሰርቪስ ቤት ከፍቼ አሳየኋት። ግድግዳውን አላየችም፤ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ አልጠየቀችም።

"ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትወጣው?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው አልኳት። ወደ ጥጉ ዞር ብላ በእጇ ለካችና "እዚህ ጋ ጠረጴዛ ይገባል" አለች ለራሷ።

ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ስለ ውሃ ይጠይቃል፤ ስለ መብራት ይጠይቃል። ስለ ምሥራቅ የሚጠይቅ ወይ ቄስ ነው ወይ ሌላ ነገር ነው። ቄስ አልመሰለችኝም።

አከራየኋት። ልጆቼ ባሕር ዳር ናቸው፤ ግቢው ሰው ይፈልጋል። ዓይኔን ግን ከላይዋ አላነሳሁም።

ህንድ ሳይ የመጀመሪያዬ አይደለም። ዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሒሳብ ያስተማረን ህንዳዊ ነበር። ጎበዝ አስተማሪ ነው፤ ከጋሪ ሲወርድ ሱሪውን በመሐረብ ያራግፋል፤ ከማንም ቤት ውሃ እንኳ አይቀምስም። አባቴ አንድ ፋሲካ ጠርቶት መጣ። ማዕድ ሲቀርብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ፤ ሳይቀምስ ተነሥቶ ሄደ። አባቴ ከዚያ በኋላ ስሙን አላነሳም። በእኛ ዘንድ የሰው ምግብ የማይቀምስ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ንቋል፣ ወይ የሚደብቀው አለው።

ሴትዮዋ እንጅባራ በረዳት። በሚያብረቀርቀው ልብሷ ላይ የወንድ ሹራብ ደርባ ነው ባጃጅ የምትጠብቀው። አማርኛ የተማረችው ከባጃጅ ሾፌሮች ስለሆነ፣ ከሁሉ በፊት ያወቀችው "ጠጋ በይ" እና "ዝርዝር የለኝም" ማለትን ነው። እኔን "እማማ" ትለኛለች። ከገበያ ድንች፣ ጎመን፣ እርድና ቃሪያ ታመጣና ሁሉን በጨው ውሃ ታጥበዋለች። ከሥጋ ቤት ፊት ስታልፍ አፍንጫዋን በሻርፕ ትሸፍናለች። ይህን ሁሉ ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ከአዲስ ቅዳም ከሰል እያስመጣች የምትቸረችር ጎረቤት አለችኝ፤ ማኅበርተኛዬም ናት። ከሰሉን እስከ ተከራይዋ በር ድረስ የምታደርስላት እሷ ስለሆነች ከኔ ይልቅ የምታየው እሷ ነበረች።

ጥቅምት መገባደጃ ላይ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ ተከራይዋ ትንንሽ የሸክላ ኩራዞች በዘይት ሞልታ ደጃፏ ላይ ደረደረች። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

"ምን እየጠራች ነው?"

"በዓሏ ነው አለች።"

"የማን በዓል?"

"የብርሃን።"

"መብራት በጠፋ ቀን! ቀን አወጣጥም አያውቁ።"

ተከራይዋ በሳህን ጣፋጭ ነገር አመጣችልኝ፤ ወተትና ስኳር ነው አለች። አመስግኜ ተቀበልኩና ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። እዚያው ደረቀ።

ቀጥሎ የነቢያት ጾም ገባ። አንድ ላም አለችኝ፤ በጾም ወተቱን እየናጥን ቅቤውን ለገና እናቆያለን። ሴትዮዋ ግን ጾሙን በሙሉ ወተት ገዛችኝ። የወተት ጆጓ ከጾም ዕቃዬ እንዳይነካካ ብዬ ደጅ ሚስማር ላይ ሰቀልኩላት። ገና ሲደርስ፣ እንግዳ ናት ብዬ ዶሮ ወጥ በሳህን ወሰድኩላት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ሥጋ አልበላም፣ እማማ። እንቁላልም አልበላም።"

"አሞሽ ነው?"

"አይ። ሁልጊዜ ነው።"

ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ። አባቴ ያን ፋሲካ ምን እንደተሰማው ያን ጊዜ ገባኝ።

ለጎረቤቴ ነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር።

"አየሽ!" አለች። "እኛ ስንጾም ትገድፋለች፤ እኛ ስንገድፍ ትጾማለች። ከዚህ በላይ ምን ትንገርሽ? ደወሉንስ ምን ትይዋለሽ?"

"የምን ደወል?"

"ተይ እንጂ! አንቺ ጆሮሽ ደህና ነው።"

ሰምቼዋለሁ። ጠዋት ጎህ ሲቀድ፣ ማታ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት፣ ከሰርቪሱ ቀጭን የነሐስ ድምፅ ይወጣል። ቅዳሴ ላይ የሚሰማውን ቃጭል ይመስላል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቃጭል ጠፋ የሚል ወሬ ከተማው ውስጥ ይዞር ነበር። የውጭ ሰው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ እንደሚወድ ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። ጎረቤቴ ሁለቱን አገናኘቻቸው። እኔም አላገናኘኋቸውም አልልም። የተቆለፈ በር ባየሁ ቁጥር ምን ተደብቆበት ይሆን እላለሁ።

ወሬው ሙሴዋ ዘንድ የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው።

"ጽዋው ከጣዖት ጋር በአንድ ግቢ አያድርም" አሉኝ እትዬ ሙሴ። "ቃጭሉም የተሰረቀው ከሆነ ደግሞ አንቺም ከነገሩ አትወጪም። ምረጪ።"

እስክጠይቃት ጊዜ ይስጡኝ አልኳቸው።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። "ደወሉን አሳዪኝ" አልኳት። ዙሪያ ጥምጥም አልወድም።

"ይቻላል፣ እማማ። ጫማ ግን ያውልቁ።"

በገዛ ቤቴ ጫማ አውልቂ ተባልኩ። አወለቅኩ። ጠረጴዛው ያኔ በእጇ የለካችው ጥግ ላይ ነው። ሥዕል አለበት፤ ከሥዕሉ ፊት ከአጥሬ ያለ ፈቃድ የተቀጠፈ አበባ ተቀምጧል። ደወሉን አንስታ ሰጠችኝ። ከቃጭል ያንሳል። መያዣው ላይ ክንፍ ያለው ሰው ተንበርክኳል። መስቀል የለበትም። መስቀል የተፋቀበት ቦታ ይኖር እንደሆነ በጣቴ ዙሪያውን ዳሰስኩት፤ የለም። ቃጭል አለመሆኑን አወቅኩ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

"ለምንድን ነው የምትደውዪው?"

አማርኛው ሲያጥራት እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነገረችኝ። እናቷ አገሯ ናት፤ ሰማንያ አልፏታል። በዚያው ሰዓት እሷም ከሥዕሏ ፊት ትደውላለች፤ እዚያ ግን ሰዓቱ ገፍቷል። ሁለቱ ከመለያየታቸው በፊት የተነጋገሩት ነው።

"ኔትወርክ እንደምታውቁት ነው" አለች። "ይመጣል፣ ይጠፋል። ደወል ኔትወርክ አይፈልግም።"

ሰው ሊያታልል ሲፈልግም እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል ብዬ አሰብኩ። ፊቷን አየሁት። ምንም አላገኘሁበትም።

"የማርያም ዕለት አትደውዪ" አልኳት። "እንግዶች አሉኝ።"

ሳቀች። "እናንተ በማይክ ሌሊቱን ሙሉ! እኔ አንድ ቀን ምን አልኩ?"

"እሱ ቤተ ክርስቲያን ነው።"

ሳቋን ተወች። "ጠዋት ነው ማታ?"

"ሁለቱንም።"

"እናቴ ትጠብቃለች" አለች።

ጫማዬን አጥልቄ ስወጣ ከኋላዬ "እሺ፣ እማማ" ስትል ሰማኋት። እሺ ማለት ቀላል ነው አልኩ በልቤ።

እትዬ ሙሴ በማግሥቱ መልሴን ሊሰሙ መጡ።

"ቃጭል አይደለም። በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ" አልኳቸው።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አላውቅም።"

"የማታውቂውን ይዘሽ ነው ጽዋ የምታሳድሪ?"

"እትዬ፣ ጽዋው ያውና መደርደሪያው ላይ። ይወጣል ካሉ ይውሰዱት። በዚህ ብርድ ሰው ከቤት አላስወጣም። የማርያም ዕለት በሬ ክፍት ነው፤ የመጣ ይመጣል፤ የቀረ ይቀራል።"

ጽዋውን አዩት፤ ነጭ ጨርቁን አዩት። "ያለ ጸሎት ጽዋ አይነሣም" ብለው ሄዱ። ይምጡ አይምጡ አልነገሩኝም።

ዕለቱ ደረሰ። ጠላው ጠርቷል፣ ድፎው በስሏል፣ ንፍሮው ወጥቷል። ጎህ ሲቀድ ጆሮዬን ወደ ሰርቪሱ ጣልኩ። ምንም የለም። ከቅዳሴ መልስ ወንበር ደርድሬ፣ ጓዳ ገብቼ፣ ወጥቼ፣ ማንም ባይመጣ ያን ሁሉ ጠላ ምን አደርገዋለሁ እያልኩ ነበር።

መጀመሪያ የንስሐ አባቴ መጡ። ቀጥሎ እትዬ ሙሴ ከነዘንጋቸው ገቡ። ከዚያ ሴቶቹ ጎረፉ። ለወራት አመመኝ፣ ልጄ መጣ፣ ላሜ ወለደች እያሉ ሲቀሩ የነበሩት ሁሉ መጡ። ፍርሃት ያስቀራቸዋል ብዬ ሳለ ጉጉት አመጣቸው።

ያን ቀን ሽንት ቤት የማይፈልግ ሰው አልነበረም። ሽንት ቤቱ በሰርቪሱ በኩል ነው። እየተነሡ ይሄዳሉ፤ ቀስ ብለው ይመለሳሉ።

"መጋረጃዋን ዘግታለች" አለች አንዷ።

"ታዲያ አንቺ መጋረጃ የለሽም?" አሏት አባ።

"የኔ ስስ ነው፣ አባ።"

ጎረቤቴ ለሦስተኛ ጊዜ ስትነሣ እትዬ ሙሴ "አንቺ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ" አሏት። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷም እየሳቀች ሄደች።

ከማኅበር ዳቦ ለግቢው ሰው ሁሉ ይደርሳል፤ ወጉ ነው። አባ ባርከው ሲቆርሱ አንድ ቁራሽ ከንፍሮ ጋር በሳህን አድርጌ ተነሣሁ። ጎረቤቴም ማንም ሳያዛት ጠላ በብርጭቆ ይዛ ተከተለችኝ። በሩን ሳንኳኳ ከውስጥ የሚጎተት ነገር ድምፅ ተሰማ፤ ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ተከራይዋ ከፈተች። ዳቦውን አየችው።

"እንቁላል አለው?"

"የለውም።"

እዚያው ቆማ ቆርሳ በላች። ጠላውን አሸተተችና መለሰችው። ጎረቤቴ ቀድማኝ ሮጠች፤ እኔ ስደርስ ምርመራው ተጀምሯል።

"በላች!"

"በየትኛው እጇ?"

"በቀኟ።"

"ዋጠችው?"

"ዓይኔ እያየ!"

"ዞር ብላ ተፍታው እንደሆነስ?"

አባ ጢማቸው ውስጥ ሳቁ።

ሌላ ጊዜ ማኅበርተኛው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበተናል፤ ከብት የሚያስር አለ፣ ልጅ የሚጠብቀው አለ። ያን ቀን ፀሐይ ጠለቀች፤ የተነሣ ግን የለም። ወሬው እያጠረ ሄደ። ምን እንደሚጠብቁ አውቄያለሁ። እኔም እጠብቅ ነበር። የደወሉ ሰዓት ደረሰ። አንዷ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረች። ሰርቪሱ ጭጭ አለ። ሰዓቱ አለፈ።

"ምነው ዝም አለች?" አለች ጎረቤቴ በሹክሹክታ። "ስትደውል መደወሏን እናውቃለን። ዝም ስትል ምን እየሠራች እንደሆነ በምን ይታወቃል?"

"አንቺ ሴት!" አሉ እትዬ ሙሴ። "ብትደውል ጥፋት፣ ባትደውል ጥፋት! ጨለመብን፤ ይልቅ ተነሺና ጽዋሽን ተቀበይ።"

የሚቀጥለው ተራ የጎረቤቴ ነበር። አባ ጸሎቱን አደረሱ። ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ነጠላዋን ደረበችበትና ሴቶቹ እልል እያሉ አጅበዋት ወጡ። ጽዋው ከቤቴ እንደ ወጉ ወጣ። ተከራይሽ ትውጣ ያለ ሰው የለም፤ ትቀመጥ ያለም የለም። እትዬ ሙሴ በሩ ላይ ቆመው ወደ ሰርቪሱ አንዴ አየት አድርገው ሄዱ።

ብርጭቆ ሳጥብ ተከራይዋ ሳህኑን መልሳ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች።

"እማማ፣ ሴቶቹ ሁሉ በበሬ በኩል ሲመላለሱ የዋሉት ለምንድን ነው?"

"ሽንት ቤት ፈልገው ነው።"

"ሁሉም?"

"ጠላ ነው።"

አላመነችኝም። "አልጋዬን በሩ ላይ አስደግፌ ነው የዋልኩት" አለች። የሰማነው የሚጎተት ድምፅ እሱ ኖሯል። እኛ እሷን ስንጠረጥር እሷ እኛን ትጠረጥር ነበር። ይህን በማወቄ ትንሽ ቀለለኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

"ሊያስወጡኝ ነው?" አለችኝ።

"አልወሰንኩም።"

እውነቴን ነበር። ሳህኑን ተቀበልኳት። አልሄደችም። እጆቿን ሹራቡ ውስጥ ሰብስባ ቆመች።

"ነገስ?" አለች። "ነገ ልደውል?"

"ነገ ሃያ ሁለት ነው" አልኳት።